የሳሎኑን ድምፅ ወደ ግቢ ማውጣት፣ በትንሽ ብርና ጎረቤት ሳይረበሽ

ግቢ ያለው ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው አንድ ቀን እዚህ ነገር ላይ መድረሱ አይቀርም። ሳሎን ውስጥ ጥሩ ድምፅ አለ፣ አምፕሊፋየሩ ቡፌው ላይ ተቀምጧል፣ ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ ሰዉ ግን ያለው ውጪ ነው። ቡናው የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው፣ በዓል ሲመጣ ወንበር የሚደረደረው ግቢ ውስጥ ነው፣ እኛ ቤት ደግሞ አባዬ ኳስ በሬዲዮ የሚከታተለው አቮካዶው ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያደርገው የሳሎኑን መስኮት ከፍቶ ቮልዩሙን እስከ ጥግ መስጠት ነው፣ ያኔ ሳሎን ያለው ሰው ጆሮው ይደነቁራል፣ ውጪ ያለው ደግሞ የሚደርሰው ድብልቅልቅ ያለ ቤዝ ብቻ ነው፣ ቃሉ አይለይም። ካልሆነም ጎማና የሚያብለጨልጭ መብራት ያለውን ትልቁን ስፒከር ገዝቶ ግቢው መሃል ያቆመዋል።

እኔ ሁለቱንም አልመክርም። ቤት ውስጥ ደህና የሚሰራ አምፕ ካላችሁ ትልቁ ወጪ አልቋል፣ የሚቀረው ስፒከርና ሽቦ ነው፣ እሱም ቀድሞ ከታሰበበት ያን ያህል ብር አይፈልግም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጪ የሚገባ ዕቃ የት እንደደረሰ ሁላችንም እያየነው ነው፣ ለዛ ነው እዚህ የዋጋ ቁጥር የማልፅፈው፣ ዛሬ የፃፍኩት ከወር በኋላ አይሰራም። ግን ያላችሁ ብር የቱ ላይ ቢወጣ እንደሚያዋጣ መናገር እችላለሁ፣ እሱም ጉልበት ላይ አይደለም፣ ቅርበት ላይ ነው። ስፒከሩ ሰው አጠገብ ይሁን፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ክፍል ውስጥ ግድግዳውና ጣሪያው ድምፁን እየመለሱ ያግዙናል፣ ውጪ ግን የሚመልስ ነገር የለም፣ ድምፁ ወጥቶ ይሄዳል በቃ። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሳል። አንድ ተራ ስፒከር ውሰዱ፣ በ1 ዋት 1 ሜትር ላይ 87 ዲሲቤል የሚሰጥ፣ ብዙዎቹ የቤት ስፒከሮች እዛ አካባቢ ናቸው። 2 ሜትር ላይ 81 ይሆናል፣ 4 ሜትር ላይ 75፣ 8 ሜትር ላይ 69። የጠፋውን 6 ዲሲቤል ለመመለስ ደግሞ የአምፑን ጉልበት አራት እጥፍ ማድረግ አለባችሁ። ስለዚህ 2 ሜትር ላይ ተቀምጦ የሚሰማውን ያህል 8 ሜትር ላይ ለማድረስ 16 እጥፍ ዋት ነው የሚጠየቀው። ትልቁን ስፒከር የሚያስገዛን ይሄ ነው እንጂ ሙዚቃው አይደለም።

አሁን ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ሆናችሁ አስቡት። የጎረቤት በር ከስፒከሩ 16 ሜትር ይርቃል እንበል። እናንተ ጋ 70 ዲሲቤል ቢደርሳችሁ ይበቃል፣ እየተጨዋወታችሁ የምትሰሙት ደህና ሙዚቃ ነው። ስፒከሩ 2 ሜትር ላይ ከሆነ ጎረቤት ጋ የሚደርሰው ወደ 52 ነው፣ አጥሩም የራሱን ይቀንሳል። ስፒከሩ ግን 8 ሜትር ርቆ ለእናንተ 70 እንዲሰጥ ከተጮኸበት ያው 16 ሜትር ላይ ያለው ጎረቤት 64 ይደርሰዋል። የ12 ዲሲቤል ልዩነት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው የአካባቢ ድምፅ መመሪያ ላይ ቀን ቀን ከቤት ውጪ 55 ዲሲቤል ሲያልፍ ሰው በጣም መረበሽ ይጀምራል ብሎ አስቀምጧል፣ እና በመጀመሪያው አደራረግ ከዛ በታች ናችሁ፣ በሁለተኛው አልፋችኋል፣ እናንተ የምትሰሙት ግን በሁለቱም እኩል ነው! እኔ ይሄን ሂሳብ ካየሁ በኋላ ትልቅ ስፒከር የመግዛት ፍላጎቴ ሙሉ በሙሉ ነው የጠፋው፣ አራት ትንንሽ ስፒከር ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይሻለኛል።

ወደ ስራው እንግባ። አምፑን ዞር አድርጉትና ጀርባውን በባትሪ እዩት። ብዙዎቹ አምፖች ላይ ሁለት ረድፍ የስፒከር ማሰሪያ አለ፣ አንዱ ኤ ሌላው ቢ ተብሎ የተፃፈበት፣ ፊት ለፊት ደግሞ ኤን ብቻ፣ ቢን ብቻ፣ ወይ ሁለቱንም የሚያበራ ቁልፍ አለ። ያ ቢ የሚለው ባዶ የተቀመጠው ለዚህ ስራ ነው። አዲሶቹ ላይ ዞን 2 የሚባልም አለ፣ እሱ ሳሎን ቴሌቪዥን እየታየ ውጪ ሙዚቃ ለማጫወት ያስችላል፣ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ማሰሪያው ስር በትንንሽ ፊደል የተፃፈ የኦም ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ኦም ማለት ስፒከሩ ለከረንቱ የሚሰጠው መቋቋም ነው፣ ቁጥሩን ሳታነቡ አንድም ሽቦ እንዳታስሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ኤ ወይም ቢ ለብቻው ሲሰራ ስፒከሩ ከ4 ወይ ከ6 ኦም አይነስ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሲሰሩ ግን እያንዳንዱ ከ8 ኦም አይነስ ነው። ምክንያቱም ብዙዎቹ አምፖች ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የሚያገናኟቸው፣ 8 ኦም ከ8 ኦም ጋር ጎን ለጎን ሲሆን 4 ኦም ይሆናል፣ 4 ከ4 ጋር ሲሆን 2፣ ኦሙ በወረደ ቁጥር አምፑ ላይ የሚጫነው ከረንት ይበዛል።

አንድ ዘመድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ሶስት ጥንድ ባለ 6 ኦም ስፒከር አንድ ማሰሪያ ላይ አጠማዝዘው አስረውት ነበር፣ ያ ማለት 2 ኦም ነው። በቀስታ ሲሆን ይሰራል። ሰው ሲበዛና ቮልዩሙ ከፍ ሲል ቤዝ በመጣ ቁጥር ቀጭ ይልና ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፣ ያ አምፑ ራሱን ሲከላከል ነው። እነሱ ግን መብራት መስሏቸው እያጠፉ እያበሩ ቀጠሉ፣ በመጨረሻ የአንዱ ጎን ትራንዚስተር ተቃጠለ። አምፕ ቀጭ ካለ የሚጠየቀው የስፒከሩ አስተሳሰር ነው።

ስፒከሩ ስንት ኦም እንደሆነ ካልተፃፈበት በቴስተር ይለካል። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ወደ 6 አካባቢ ነው የሚያሳየው፣ ባለ 4 ኦሙ ደግሞ 3 እና ትንሽ ነገር፣ እና ቁጥሩ ከተፃፈው ዝቅ ቢል ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ቴስተሩ የሚለካው የሽቦውን ጥቅል ብቻ ስለሆነ ነው።

ስፒከር ምርጫ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለውጪ ተብሎ የተሰራውን መግዛት ነው፣ ፕላስቲክ ሳጥን ያለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት ብረት አብሮት የሚመጣ፣ እንደ ያማሃ ኤንኤስ ኤደብሊው 150 ወይም ፖልክ አትሪየም 4 ያሉት ማለቴ ነው። ቀላልና ትንንሽ ስለሆኑ አሜሪካ ወይ ዱባይ ያለ ዘመድ 23 ኪሎ ሻንጣው ውስጥ ልብስ መሃል ጠቅልሎ ሊያመጣቸው ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር አለ፣ የአሜሪካ ዕቃ እዚህ መጥቶ ይቃጠላል የሚባለው። እሱ የሚሰራው ግድግዳ ላይ ለሚሰካ ዕቃ ነው። በሽቦ ከአምፕ ጋር ብቻ የሚገናኝ ስፒከር ሶኬት የለውም፣ 110 እና 220 አይመለከተውም፣ አሜሪካም ሆነ አዲስ አበባ አንድ ነው። አምፕ ከአሜሪካ ከመጣላችሁ ግን ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት፣ ትራንስፎርመሩም አምፑ ከሚበላው ዋት ደህና አድርጎ የሚበልጥ ይሁን።

ሁለተኛው መንገድ እኔ የምወደው ነው፣ የመኪና ስፒከር። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የበር ስፒከር ታገኛላችሁ፣ ባለ 6 ተኩል ኢንች፣ መሃሉ ላይ ቀጭን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ትዊተር የተገጠመችበት። የመኪና በር ውስጥ ዝናብ ይገባል፣ ፀሐይ ያግላል፣ አቧራ አለ፣ በር በተዘጋ ቁጥር ይመታል፣ እና ለዛ ኑሮ የተሰራ ስፒከር በረንዳ ላይ አይቸገርም። ስትገዙ ዝም ብላችሁ ብራንዱን አትዩ፣ እጃችሁን ተጠቀሙ። ኮኑ፣ ማለትም የሚርገበገበው ሾጣጣ ክፍል፣ ወረቀት ነው ወይስ ፕላስቲክ፣ ፕላስቲኩን ውሰዱ። ዳር ዳሩ ያለው ቀለበት ፎም ነው ወይስ ላስቲክ፣ ፎም ከሆነ በጥፍር ጫን ስትሉት ይሰረጉዳል፣ ያረጀ ከሆነ ይፈረፈርና ጣት ላይ እንደ ዱቄት ይቀራል፣ ላስቲኩ ግን ይለጠጣል። ከዛ በሁለት አውራ ጣት ኮኑን ግራና ቀኝ እኩል ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት፣ ምንም ነገር ሲፋቅ መስማት የለባችሁም። ቅፍፍ የሚል ድምፅ ካለ የውስጡ ጥቅል ማግኔቱን እየነካ ነው፣ ተዉት። ኪሳችሁ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ይኑር፣ 1.5 ቮልቷን ለአንድ አፍታ ሁለቱ እግሮች ላይ ነካ ስታደርጓት ኮኑ ጧ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ወደ ውጪ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው እግር ፖዘቲቭ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተቃራኒው ነው፣ እዛው በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፣ ኋላ ጊዜ ይቆጥባል።

ሳጥኑን የሰፈር አናጢ ይሰራዋል። 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ይሁን፣ ቺፑድ አይሁን፣ ቺፑድ እርጥበት ሲያገኘው ያብጥና ይፈርሳል። የውስጡ ልክ 25 በ22 በ20 ሴንቲ ቢሆን 11 ሊትር ነው፣ ለባለ 6 ተኩል ኢንች ይበቃዋል። ሙሉ በሙሉ የታሸገ ይሁን፣ አናጢዎች ለድምፅ ብለው ቀዳዳ መተው ይወዳሉ፣ ለውጪ ግን ቀዳዳ ማለት የተርብና የጉንዳን በር ነው። መገጣጠሚያው በኮላና በብሎን፣ የውስጥ ጠርዙ በሙሉ በሲሊኮን፣ ውስጡ ላይ ትንሽ ጥጥ፣ ከውጪ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም። የታችኛውን ጠርዝ ቀለም መቀባት የሚረሳ ብዙ ነው፣ ውሃ ተንጠልጥሎ የሚቆየው ግን እዛ ነው። እናቴ ሳጥኖቹ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አንድ አይነት ቀለም ካልተቀቡ አይሰቀሉም አለች፣ ልክ ነበረች፣ አሁን ካልተናገርክ በስተቀር የሚያያቸው እንግዳ የለም።

የመኪና ስፒከር ባለ 4 ኦም ስለሆነ ለብቻው ቢ ላይ ታስሮ ኤና ቢ አንድ ላይ ሲበሩ ከላይ ያልነው ችግር ይመጣል፣ እና ሁለቱን በተርታ ማሰር ነው። ከአምፑ የሚመጣው ፖዘቲቭ የመጀመሪያው ስፒከር ፖዘቲቭ ላይ፣ የመጀመሪያው ኔጋቲቭ የሁለተኛው ፖዘቲቭ ላይ፣ የሁለተኛው ኔጋቲቭ ወደ አምፑ ይመለሳል። 4 እና 4 ተደምሮ 8 ኦም። ሁለቱ ስፒከሮች አንድ አይነት መሆን አለባቸው፣ ካልሆነ አንዱ ይጮኻል ሌላው ያንሾካሹካል። በዚህ አይነት የግራው መስመር ሁለት፣ የቀኙ መስመር ሁለት፣ በድምሩ አራት ስፒከር ይሆናል፣ ሁለቱን በረንዳው ላይ ሁለቱን ዛፉ አጠገብ አድርጎ ማዳረስ ይቻላል።

ግን እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ ግራና ቀኝን ለቦታ አታካፍሉ። የድሮ ቅጂዎች ላይ መሳሪያውን አንድ ጎን ድምፃዊውን ሌላ ጎን አድርገው የቀዱት ብዙ አለ፣ እና በረንዳው ግራውን ብቻ፣ ዛፉ ስር ቀኙን ብቻ ካገኘ አንዱ ክራር ይሰማል አንዱ ድምፅ ብቻ። ስለዚህ የግራው መስመር አንድ ስፒከር በረንዳ ላይ አንድ ዛፍ ስር ይሂድ፣ የቀኙም እንደዛው። ከዛ በላይ የሚሻለው ደግሞ ሙዚቃውን ሞኖ ማድረግ ነው፣ ሰው ውጪ መሃል ላይ አይቀመጥም፣ እዚህም እዛም ነው። ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ጋ ስትገቡ ሞኖ ኦዲዮ የሚል አለ፣ አንድሮይድም አይፎንም ላይ ይገኛል፣ እሱን ማብራት ብቻ ነው። የአምፑን የግራና የቀኝ ስፒከር ማሰሪያ አንድ ላይ በሽቦ በማገናኘት ግን ሞኖ አይሰራም፣ አምፕ ነው የሚቃጠለው።

ሽቦ። ለኔ ከስፒከሩ እኩል የማስብበት ነገር ነው፣ አንዴ ከተቀበረ መልሶ ማውጣት ሌላ ስራ ስለሆነ። ከሳሎን እስከ በረንዳው ጥግ 20 ሜትር ቢሆን ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ 40 ሜትር መዳብ ነው። በ1.5 ካሬ ሽቦ ያ ወደ 0.46 ኦም ይሆናል፣ በ2.5 ካሬ ወደ 0.28። ለ8 ኦም ስፒከር ሁለቱም ይሰራሉ፣ ግን 20 ሜትር ከሆነ 2.5 ውሰዱ፣ ከ10 ሜትር በታች ከሆነ 1.5 በቂ ነው፣ ከዛ በላይ የሚወፍር ሽቦ ድምፅ ያሻሽላል የሚላችሁን አትስሙ። ለድምፅ ተብሎ የሚሸጠው ብልጭልጭ ሽቦ የግድ አይደለም፣ የመብራት ሽቦ የሚሸጥበት ሱቅ ያለው ፍሌክሲብል ሽቦ ስራውን ይሰራል። ማየት ያለባችሁ መዳብ መሆኑን ነው። አሁን ገበያ ላይ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ መዳብ የተቀባ ሽቦ በጣም ብዙ ነው፣ ላዩን ስታዩት ቀይ ነው፣ አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ ስታደርጓት ግን ነጭ ትወጣለች። ነጭ ከሆነ ወይ ተዉት ወይ አንድ ደረጃ ወፍራሙን ግዙ፣ ሬዚስታንሱ ከመዳቡ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው፣ ደግሞ እርጥበት ላይ ጫፉ ቶሎ ይበላሻል።

የስፒከሩን ሽቦ ከ220 ጋር አንድ ኮንዲት (የሽቦ ቱቦ) ውስጥ አትጨምሩ፣ አንደኛ አደጋ ነው፣ ሁለተኛ እዝዝ የሚል ድምፅ ሊያመጣ ይችላል። የራሱ ኮንዲት ይኑረው፣ ግድ መሻገር ካለበት ደግሞ በቀጥታ አቋርጦ ይለፍ እንጂ ጎን ለጎን አብሮ አይሂድ። ስፒከሩ ጋ ሲደርስ ሽቦው ከስፒከሩ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ከዛ ወደ ላይ ይግባ፣ ሽቦውን ተከትሎ የሚወርደው ውሃ ታች እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሳጥን ውስጥ አይገባም። መገጣጠሚያውን በሊድ በይዳችሁ በናስትሮ ደህና አድርጋችሁ ጠቅልሉት።

አሰቃቀሉ ላይ፣ ከጣሪያው ስር ከአሸንዳው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቦታ ፈልጉ። አይፒ 65 የተፃፈበት ስፒከር ዝናብ ይችላል፣ ሁለተኛዋ ቁጥር ናት ውሃን የምትናገረው፣ ግን የክረምቱን ዝናብ ከቻለም የበጋው ፀሐይ አለ፣ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ፀሐይዋ ፕላስቲክና ላስቲክ ታደርቃለች። ጥላ ያለበት ቦታ ላይ የተሰቀለ ርካሽ ስፒከር ፀሐይ ላይ ከዋለ ውድ ስፒከር በላይ ይቆያል። ከግድግዳና ከጣሪያ ጋር ተጠግቶ ሲሰቀል ቤዙም ይጨምራል፣ ውጪ ቤዝ ስለሚጠፋ ይሄ ነፃ ስጦታ ነው። ፊቱ ወደ ታች ዘንበል ይበል፣ ወደ ወንበሮቹ፣ ጀርባው ወደ ጎረቤት አጥር። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በትራፓኖ በስቶ ፊሸር ማስገባት ነው፣ የጭቃ ቤት ከሆነ ግን ልስኑን አትመኑት፣ እያንኳኳችሁ የእንጨቱን ቋሚ ፈልጉና እሱ ላይ እሰሩት፣ ስር ሰው ይቀመጣል እኮ።

ዛፉ አካባቢ ያሉትን ግንዱ ላይ አትምቷቸው፣ ዛፉ ያድጋል ብሎኑን ይውጠዋል፣ ለዛፉም ጥሩ አይደለም። አጭር የብረት ቋሚ ተክሎ ወንበሮቹ አጠገብ ማቆም ይሻላል። መሬት ውስጥ የሚሄደው ሽቦ ኮንዲት ውስጥ ይሁንና አትክልት የሚኮተኩት ሰው እንዳይቆርጠው ጠለቅ ብሎ ይቀበር፣ ከላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ መደርደርም ይረዳል።

ሳሎናችሁ ያለው አምፕ ሳይሆን በካርቶን የሚሸጠው ሆም ቴአትር ከሆነስ፣ አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ቤዝ ያለው? ብዙ ቤት ያለው እሱ ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ቢ የለውም፣ ስፒከሮቹም ባለ 3 ወይ ባለ 4 ኦም ስለሆኑ ከነሱ ላይ ተጨማሪ መቀጠል አይቻልም። እዛ ጋ ትንሽ ሁለተኛ አምፕ ያስፈልጋል፣ ደስ የሚለው ነገር ከላይ ባለው ሂሳብ መሰረት ሰው አጠገብ ለሚሆን ስፒከር ትልቅ ጉልበት አያስፈልግም። ቲፒኤ 3116 የሚባለው ቺፕ ያለባቸው የእጅ መዳፍ የሚያህሉ አምፖች አሉ፣ ብሉቱዝም ያላቸው አሉ፣ ቺፑ ከ4.5 እስከ 26 ቮልት ዲሲ ይሰራል፣ ስለዚህ ስክሪኑ የተሰበረ የአሮጌ ላፕቶፕ ባለ 19 ቮልት ቻርጀር ካለ ሃይሉ ተገኘ ማለት ነው፣ ቮልቱንና ፖዘቲቩን በቴስተር አይቶ መሰካት ነው። የነዚህን አምፖች የስፒከር ኔጋቲቭ ግን ከግራውንድ ጋርም እርስ በርስም አታገናኙ፣ ሁለቱም እግር ላይ ሲግናል አለ። አምፑ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ ወደ ውጪ የሚወጣው የስፒከር ሽቦ ብቻ ይሁን፣ ከማጫወቻው ወደ አምፑ የሚገባውን ቀጭን የአርሲኤ ሽቦ 20 ሜትር መጎተት እዝዝታ መጎተት ነው።

በብሉቱዝ ውጪውን በአክስ (በሽቦ) ውስጡን አንድ ላይ ላጫውት ካላችሁ ደግሞ የሚገጥማችሁ መዘግየት ነው። ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይዘገያል፣ በር ላይ የቆመ ሰው ዘፈኑን ሁለቴ ይሰማል። ድምፅ በአየር ላይ 10 ሜትር ለመሄድ እንኳን 29 ሚሊ ሰከንድ ነው የሚፈጅበት፣ እሱን ጆሮ ይችለዋል፣ የብሉቱዙን ግን አይችለውም። ሁለቱም ከአንድ አምፕ ወይ ከአንድ ብሉቱዝ መቀበያ ተከፍለው ቢሄዱ ይሻላል።

ሲያልቅ የመጨረሻው መለኪያ ጎረቤት ነው። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ታናሽ እህቴን አምፑ ጋ አስቀምጬ ከአጥሩ ማዶ ያሉት እማማ ቤት ሄድኩ፣ በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። "እማማ፣ ከኛ ቤት ሙዚቃ ይሰማዎታል?" አልኳቸው። ሰፌዱን ያዝ አድርገው ትንሽ አዳመጡና "ዘፈኑ አይሰማኝም ልጄ፣ ይሄ ድም ድም የሚለው ብቻ ነው" አሉኝ። ስልኬ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ አፕ 48 አካባቢ ነበር የሚለው፣ ያ ግምት ነው፣ እሳቸው ግን ቁጥሩ የማይናገረውን ነገሩኝ፣ ቤዝ አጥር አይዘውም፣ ዞሮ ይሄዳል። እህቴ ጋ ደውዬ የቤዙን ቁልፍ ትንሽ ትንሽ እያስቀነስኩ "አሁንስ?" "አሁንም አለ" "አሁንስ?" "አሁን ምንም የለም" እስኪሉ ድረስ ሄድን፣ እዛች ቦታ ላይ አምፑ ላይ ነጭ ምልክት አደረግንባት። ግቢያችን ውስጥ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ይሄን ደግሞ ሳይጠየቁ ሄዶ መጠየቅ ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም ጨዋ ጎረቤት አይናገርም፣ እያመመውም ዝም ይላል፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፣ ህፃን ያላት እናት፣ ሌሊት ሰርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ከአጥሩ ማዶ አለ።

ክረምት ሲገባ የምትሰሩት ትንሽ ስራ አለ። ሰኔ ላይ የሳጥኖቹን ጠርዝ እዩ፣ ቀለሙ የተሰነጠቀበት ካለ መልሳችሁ ቀቡት፣ የብሎኖቹን ጥብቀት በካቻቢቴ ሞክሩ። መብራት በሚሄድና በሚመጣበት ሰፈር አምፑ ስታብላይዘር ላይ ይሁን። ከሁሉም በላይ ግን መብረቅ፣ ግቢ ውስጥ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ በቅርብ በሚወርድ መብረቅ ቮልቴጅ ይገባበታል፣ ያ ቮልቴጅ የሚሄደው ደግሞ ቀጥታ ወደ አምፑ ነው፣ ስዊቹ ቢጠፋም ሽቦው እስከታሰረ ድረስ መንገዱ አለ። ስለዚህ የቢ ሽቦዎች አምፑ ጀርባ ላይ በቀላሉ የሚነቀል መሰኪያ ይኑራቸው፣ ሰማዩ ሲጠቁር ያን መንቀልና የአምፑን ሶኬት መንቀል የአንድ ደቂቃ ስራ ነው፣ ቤት ያለ ሰው ሁሉ የት እንዳለ ይወቀው፣ ልጆቹም ጭምር፣ ግን ነጎድጓዱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ እላያቸው ላይ እያጓራ እንዳይነኩት።